ማሞቂያው ጠፍቶ የሞቀው የአራስ ክፍል

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ሆላንድ አገር፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ላክ በሚባለው ሰፈር ነው። ዓመት አልፎታል፤ ድንጋጤው ግን ገና አልለቀቀኝም። ሰው ቤት ገብቼ ግድግዳ ላይ የቤቱን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ካየሁ ቁጥሩን ሳላነብ አልቀመጥም። ባለቤቴ «ደሞ ጀመረህ!» ትለኛለች። እኔ ያየሁትን ብታይ እሷም ታነብ ነበር።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ሮተርዳም ነው የምኖረው፤ የምሠራው አምስተርዳም፣ ሆቴል ውስጥ፣ ቁርስ ክፍል ነው። መሐንዲስ አይደለሁም። እኛ አበሾች መካከል ግን አንድ ነገር አንዴ ከተሳካልህ አለቀልህ። የራሴን ቤት ቴርሞስታት ቪዲዮ እያየሁ በስልክ በሚታዘዘው ዓይነት ቀየርኩትና ሠራ። ለአንድ ጓደኛዬም ቀየርኩለት፤ የእሱም ሠራ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «ኢንጂነር መጣ» መባል ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ አፈርኩ። ቆይቶ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስሙ ጣመኝ። መፍቻዎቼን የምይዝባት ትንሽ ቦርሳ ሁሉ ገዛሁ።

ዳንኤል የልብ ጓደኛዬ ነው። ስደተኛ ካምፕ ውስጥ አንድ ክፍል አብረን ኖረናል። እሱና ባለቤቱ ጽጌ የሚኖሩበት የኪራይ ቤት ታድሶ፣ የጋዝ ማሞቂያው ተነቅሎ ወጥቶ፣ በምትኩ ሆላንዶቹ ዋርምተፖምፕ የሚሉት ማሽን ገባላቸው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ደጅ ካለው አየር ላይ ሙቀት ሰብስቦ ቤት የሚያሞቅ ማሽን ነው። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ መስኮቱ ሁሉ ሙቀት እንዳያስወጣ ተደርጎ ተደፍኗል። ጋዝ ስለሌለ የመርዝ ጋዝ ጠቋሚዋንም ከማሞቂያው ጋር ነቅለው ወሰዷት። ዳንኤል በዚህ ላይ ራሱ ገዝቶ በስልክ የሚታዘዝ ቴርሞስታት ገጠመበት። ጥሪው የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

«ስማኝ ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር አብዷል» አለኝ። «ቀን ቀን ይበርደናል፣ ሌሊት እንቃጠላለን። ሙቀት ጨምር ስለው ጭራሽ ጸጥ ይላል።»

«የቤቱን ድርጅት ጠራህ?»

«ጠራኋቸው። ቴርሞስታቱን ራስህ ስለቀየርከው ራስህ አስተካክለው፣ ካልሆነ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ እንሰጥሃለን አሉኝ። እኔ ደግሞ ቤቴ አራስ አለች።»

ልጅቷ ከተወለደች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። የሥራ ፈረቃዬን ቀየርኩና በማግስቱ ጠዋት በባቡር ሆላንድስ ስፖር ጣቢያ ወርጄ ወደ ላክ በእግሬ ገሰገስኩ። በረዶ አልነበረም፤ ነፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል።

በሩን የከፈቱልኝ የጽጌ እናት፣ እማማ ዘነበች ናቸው። ልጃቸውን ሊያርሱ ከደብረ ብርሃን በጎብኚ ቪዛ መጥተዋል። ጋቢያቸውን በሹራብ ላይ ደርበው፣ ከጋቢው በላይ የዳንኤልን ጃኬት ለብሰዋል። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝና ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ክሳቸውን ጀመሩ።

«ይኼን ማሽን አይተኸዋል ልጄ? ጠዋት ጠዋት ሲጮህ ወጥቼ እጄን ዘርግቼ ሞከርኩት እኮ። ብርድ ነው የሚተፋው! ብርድ የሚተፋ ነገር ቤት ያሞቃል?»

«ሙቀቱን ወደ ውስጥ ወስዶ ነው ብርዱን የሚተፋው እማማ» አልኳቸው፣ በኢንጂነርነቴ።

«እሱን ለሌላ ንገር» አሉኝ።

ሁለተኛው ክሳቸው በክራምዞርጓ ላይ ነበር። እዚህ አገር ልጅ ሲወለድ በየቀኑ ጠዋት እናትና ልጁን የምትንከባከብ ባለሙያ ወደ ቤት ትመጣለች። ይህቺ ሴትዮ ጠዋት ስትገባ የመኝታ ቤቱን መስኮት ትከፍታለች፤ ለጨቅላ ንጹህ አየር ያስፈልጋል ትላለች። እሷ ከወጣች በኋላ እማማ ይዘጉታል። መስኮቱ ላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ስንጥቅም በፎጣ ይጠቀጥቋታል። በማግስቱ ሴትዮዋ ፎጣውን ነቅላ፣ አጣጥፋ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። አንዳቸው የሌላኛዋን ቋንቋ ስለማያውቁ ጦርነቱ ያለ ቃል ነው የሚካሄደው።

«አራስ ላይ መስኮት መክፈት የየት አገር ደንብ ነው?» አሉኝ እማማ። «ብርድ ቢመታትስ? ዕድሜዋን ሙሉ ወገቤን ስትል ልትኖር?»

ደረጃውን ወጥቼ ጽጌን ከበሩ ላይ ቆሜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት። «ማርያም ታኑርህ» አለችኝ። ፊቷ ገርጥቷል፤ ካፖርት ለብሳ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበረች። ልጅቷ አፍንጫዋ ብቻ ይታያል። እጄን ግድግዳው ላይ ባደርገው ይቀዘቅዛል። ቤቱ በእውነት ለአራስ የሚሆን አልነበረም፤ አዘንኩ። ወንድ ልጅ አራስ ክፍል ውስጥ ዘው ብሎ ገብቶ አይቆይምና ወዲያው ተመልሼ ወረድኩ።

ክራምዞርጓ የዕለቱን ሥራዋን ጨርሳ ከወጣች ትንሽ ቆይቶ ዳንኤልም ልጅቷን ለማስመዝገብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ቀኑ ካለፈ ችግር ስለሆነ ሊያስተላልፈው አልቻለም። «ስመለስ ቤቱ ሞቆ ይጠብቀኛል?» ብሎ ራሱ ሳቀ። እኔ ታች ቀረሁ፤ እማማና ጽጌ ከልጅቷ ጋር ፎቅ ላይ ናቸው።

ሥራዬን በደንቡ ጀመርኩ። መግቢያው በር አጠገብ ካለው የኤሌክትሪክ ሳጥን የማሽኑን መስመር አጠፋሁ። ከዚያ የማሽኑ የውስጥ አካል ወዳለበት፣ ታች ወዳለው ጠባብ ክፍል ገባሁ። ዳንኤል የገዛው ቴርሞስታት ሁለት አካል አለው። አንደኛው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በባትሪ ይሠራል፤ ሁለተኛው ማሽኑ አጠገብ ያለች ነጭ ሳጥን ናት። የግድግዳው «በርዶኛል» ሲል ነጯ ሳጥን ሁለት ሽቦ ታገናኝና ማሽኑን ታስነሳዋለች። ከዚህ ሌላ ፎቅ መኝታ ቤት ኮሞዲኖ ላይ የተቀመጠች፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል የሙቀት መለኪያ አለች። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞስታት የሳሎኑንና የመኝታ ቤቱን ሙቀት እያፈራረቀ ያሳያል።

የነጯን ሳጥን ክዳን ገና አንስቼ ሳለ እማማ ወረዱ።

«ልጄ፣ እሳት መጫሪያ ይዘሃል?»

«ሲጋራ አላጨስም እማማ» አልኳቸው። ለጸሎት ሻማ ሊያበሩ መስሎኝ ነበር። ምድጃው እንኳ ያለ እሳት የሚሠራ ስለሆነ በዚያ ቤት ክብሪት የሚባል ነገር የለም።

«ይሁን፣ አንተ ሥራህን ሥራ» ብለው በጓሮ በር ወጡ። ጓሮ ውስጥ የዳንኤል ብስክሌቶች፣ የበጋ ወንበሮችና ኮተቱ ሁሉ ያለበት የእንጨት ቤት አለ። ሲከፈት ሰማሁ፣ ሲዘጋም ሰማሁ። ቆይቶ የጓሮው በር ተከፈተ፤ እማማ በቀስታ ደረጃውን ሲወጡ ከኋላዬ ሰማኋቸው። ዞር ብዬ አላየሁም። ዓይኔ ሽቦው ላይ ነበር።

ጥፋቱን ያገኘሁት ያኔ ነው፤ ብቻዬን ሳቄ መጣ። ነጯ ሳጥን ሦስት የሽቦ ቀዳዳ አላት። መሐለኛው የጋራ ነው። በአንድ በኩል ያለው ሙቀት ሲጠየቅ የሚገናኝ ነው፤ በሌላው በኩል ያለው ደግሞ ሙቀት ሲጠየቅ የሚለያይ። ዳንኤል ሁለተኛውን ሽቦ የሰካው በሚለያየው ላይ ነው። ስለዚህ ቤቱ ሲበርድና ሙቀት ሲጠየቅ ማሽኑ ይጠፋል። ሌሊት ቴርሞስታቱ ሙቀት መጠየቅ ሲያቆም ማሽኑ ይነሳል። ተገላቢጦሽ፣ አህያ ወደ ሊጥ ውሻ ወደ ግጦሽ! ብርዱ በጠናባቸው ቁጥር ሙቀቱን ከፍ ያደርጉታል፣ ከፍ ባደረጉት ቁጥር ማሽኑ ጸጥ ይላል። አንድ ሽቦ ከአንድ ቀዳዳ ወደ ሌላ ቀዳዳ ማዞር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ለዳንኤል ፎቶ አንስቼ «አንተ ሰውዬ ጉድ ሠርተሃል» ብዬ ላኩለት።

ሽቦውን ከመንቀሌ በፊት ቴርሞስታቱ አሁን ምን እንደሚል ልይ ብዬ ወደ ሳሎን ገባሁ።

የሳሎኑ ቁጥር ስመጣ እንደነበረው ዝቅ ብሏል። ተፈራርቆ የመኝታ ቤቱ ሲመጣ ግን ቁጥሩ ከሳሎኑ በጣም ከፍ ያለ ነው። ስመጣ ሁለቱም እኩል ነበሩ። ዓይኔ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እንደገና ሲመጣ አንድ ዲግሪ ጨምሯል።

ኢንጂነርነቴ ተነሳብኝ። ማሽኑ ጠፍቷል፤ ራሴ ነኝ ያጠፋሁት። ታዲያ ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ሄጄ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን አየሁ፤ መስመሩ ጠፍቷል። ወደ ፎቅ የሚወጣውን ቧንቧ በእጄ ጨበጥኩት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ተመልሼ ስመጣ ቁጥሩ እንደገና ጨምሯል። መለኪያዋ ተበላሽታ ይሆናል አልኩ። ቆይቼ ደግሞ ጽጌ ሳታውቅ ብርድ ልብስ ውስጥ አስገብታት ይሆናል አልኩ። ቁጭ ብዬ የመመሪያውን ቪዲዮ በስልኬ መፈለግ ጀመርኩ። ሰዎቹ ከጭንቅላቴ በላይ አየር እያጠራቸው፣ እኔ ስለ መለኪያዋ ባትሪ ቪዲዮ እመለከት ነበር።

በመጨረሻ ደረጃው ሥር ቆሜ «እማማ» አልኩ። መልስ የለም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የተጣራሁት፤ ልጅቷን እንዳልቀሰቅስ ነዋ። «እማማ ዘነበች» አልኩ ደግሜ። ዝም። ተኝተዋል ማለት ነው ብዬ ልመለስ አልኩ። ምናልባት እያጠባች ይሆናል፣ አራስ ክፍል ሳይጠሩኝ ምን ልሆን እወጣለሁ አልኩ። ይሉኝታ ክፉ ነው።

ልመለስ ስል ግን ደረጃው ምንጣፍ ላይ የሆነ ጥቁር ነገር አየሁ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ጣቶቼ ጠቆሩ።

ከሰል ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። የመኝታ ቤቱን በር ስገፋው እምቢ አለ፤ ሥሩ በብርድ ልብስ ተጠቅጥቋል። በትከሻዬ ገጨሁት። ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ጭስ የለም። ሽታም የለም ማለት ይቻላል። ክፍሉ ጸጥ ብሎ፣ የሚያምር ሙቀት ሞቆ፣ መሐሉ ላይ ዳንኤል ከከሰልና ከክብሪት ጋር ጓሮው የእንጨት ቤት ውስጥ የሚያስቀምጣት፣ በበጋ ሥጋ የሚጠብስባት ትንሽ የብረት ምድጃ ተቀምጣለች። ፍሙ ቀይ ሆኖ ደምቋል።

ጽጌ አልጋው ላይ በጎኗ ወድቃለች። ዓይኗ ግማሽ ተከፍቷል፤ ስሟን ስጠራት «ራሴን… ራሴን…» ብላ ዝም አለች። ልጅቷ ደረቷ ሥር ናት። ሳነሳት አንገቷ ወደ ኋላ ተንጠለጠለ፤ አላለቀሰችም። የሦስት ቀን ልጅ ስትነሳ አለማልቀሷን ሳይ ደረቴ ላይ አስጠጋኋት። እማማ መሬት ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ከቁም ሣጥኑ አስደግፈዋል። ጋቢያቸው ተንሸራትቶ ወድቋል።

በአንድ እጄ ልጅቷን ይዤ በሌላው መስኮቱን በረገድኩት። ነፋሱ ሲገባ እማማ ነቃ አሉና የሱሪዬን እግር ጨምድደው ያዙኝ። ከየት እንዳመጡት አላውቅም ያን ጉልበት።

«ዝጋው!» አሉኝ። «ልጄን ልትገልብኝ ነው? አራስ ናት! ዝጋው!»

እግሬን መንጭቄ ወጣሁ። እናቴን ከሚያህሉ ሴት እጅ እግሬን መንጭቄ። ደረጃውን ወረድኩና በሩን ከፍቼ መንገድ ላይ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም፤ በአማርኛ መሆኑን ግን ኋላ ነገሩኝ። ጎረቤታቸው ያለች አንዲት ሽማግሌ የሱሪናም ሴት በቤት ልብሷ ወጣች። ቃል አልጠየቀችኝም። ልጅቷን ተቀብላኝ ሹራቧ ውስጥ ከተተቻትና ጀርባዋን እያሸች፣ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ፣ በሆላንድ ቋንቋ «ነይ፣ ነይ፣ ተቆጪ፣ ተቆጪ» ትላት ጀመር። እኔ በድምፅ ማጉያ ወደ አደጋ ጊዜው ቁጥር 112 እየደወልኩ ተመልሼ ወደ ላይ ሮጥኩ።

ጽጌን ብብቷ ሥር ይዤ ጎተትኳት። የሆላንድ ቤት ደረጃ ታውቁታላችሁ፣ መሰላል ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ልንወድቅ ደርሰን ነበር። እኔም ራሴን ያዞረኝ ጀምሯል። ታች ስንደርስ ከደጅ የልጅ ለቅሶ ሰማሁ። ቀጭን፣ የተቆራረጠ፣ የድመት ግልገል የመሰለ ለቅሶ። ጽጌም ሰማችው መሰለኝ፤ እጄ ላይ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። በሕይወቴ እንደዚያ የጣመኝ ለቅሶ የለም።

እማማን ያወረዷቸው የእሳት አደጋ ሰዎች ናቸው። ከሰዎቹ አንዱ የያዘው የመርዝ ጋዝ መለኪያ ገና ደረጃው ላይ ሳለ ይጮህ ጀመር፤ ሰውየው ወደ ኋላ ተመልሶ የፊት መሸፈኛውን አጠለቀ። ምድጃዋን በሁለት እጁ ይዞ ሲወጣ አንዴ እኔን አንዴ ምድጃዋን አየ። «መኝታ ቤት ውስጥ?» አለኝ።

ዳንኤል የደረሰው አምቡላንሶቹ በራቸውን ሊዘጉ ሲሉ ነው። ብስክሌቱን መንገድ መሐል ጥሎ ሮጠ። ልጅቷ ካለችበት መኪና ውስጥ ገባና ሄደ። እኔ ከጽጌና ከእማማ ጋር ሄድኩ፤ አስተርጓሚ ያስፈልጋል ብለው።

ሆስፒታል ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝተው ኦክስጅን አደረጉላቸው። ልጅቷ ከአባቷ ጋር የሕፃናት ክፍል ናት። ብዙ ቆይቶ ሐኪሟ መጥታ ሦስቱም ከአደጋ እንደወጡ፣ ልጅቷም መጥባት እንደጀመረች ነገረችን። ጽጌ ማማተብ ጀመረች፤ እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ ቀጠለችና እሳቱን ማን እንዳስገባውና ለምን እንደሆነ እንድጠይቅ አዘዘችኝ። «አያትየዋ ከሕፃኗ ጋር ስለሚኖሩ ምን እንደተፈጠረ በደንብ እንዲያውቁ ንገራቸው» አለችኝ።

እማማ በጭንብሉ ውስጥ ሆነው ቀደሙኝ።

«ያ ማሽን ነው አይደል? ብዬህ ነበር። መርዝ ነው የተፋብን።»

ጽጌ ከዚያኛው አልጋ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ አትንገራት ማለቷ ነው። ገባኝ። እናቷ አህጉር አቋርጠው ልጃቸውን ሊያርሱ መጥተው፣ የልጅ ልጃቸውን ሊገድሉ ነበር ተብሎ እንዴት ይነገራል? ማሽኑ ነው ብሎ መተው ይቻላል። ማሽን አይከፋውም። እኔም በዓይኔ እሺ አልኳት። ሐኪሟ ትጠብቀኛለች።

ማን እንዳናገረኝ አላውቅም፣ «ማሽኑ አይደለም እማማ» አልኩ። «ማሽኑ ጠፍቶ ነበር። ከሰሉ ነው።»

«ጭሱ እስኪያልቅ እኮ ደጅ አቆይቼዋለሁ። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያደግኩት፣ ከሰል አታስተምረኝም። ፍም ብቻ ነበር።»

«ፍሙም ነው። የማይታይና የማይሸት ነገር ያወጣል። ቤቱ ከተደፈነ ሰው ሳይታወቀው ያፍነዋል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ከዚያ በቃ።»

እማማ ጭንብላቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት።

«ራስ ያማል?»

«አዎ።»

«እስከ ማጅራት? ልብም ያጥወለውላል?»

«አዎ እማማ።»

ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተከሉ። ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለቀሱም። ሐኪሟ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ፤ እጄን አንስቼ ቆዪ አልኳት።

«እንግዲያ ልጄን የገደልኳት እኔ አይደለሁም» አሉ።

የተምታታባቸው መሰለኝ። «ልጅቷ ደህና ናት እማማ፣ አሁን ጠባች አሉ እኮ» አልኳቸው።

«የዛሬዋን አይደለም የምልህ።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን እንደነገሩኝ እጽፈዋለሁ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ ገና ልጅ ነበሩ። ወሩ ነሐሴ ነው። አራስ እንዳይበርዳት ተብሎ ቤቱ እንደ አዲስ ተለስኖ፣ ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ፣ አማታቸው ፍም በገል አስገቡላቸው። ራሳቸውን ፈለጣቸው፤ ልባቸውን አጥወለወላቸው። ነፋስ ልቀበል ብለው ልጅቷን አስተኝተው ደጅ ወጡና ግድግዳ ተደግፈው ቆዩ። ሲመለሱ ሞታለች። ሰውም አማታቸውም አንድ ቃል ነው ያሉት። አራስ ልጅ ብቻዋን፣ ብረት እንኳ ራስጌዋ ሳይቀመጥ ተጥላ ሰይጣን ወሰዳት። ጥለሻት ባትወጪ ኖሮ ተባሉ።

«ራሴን እንደዛሬው ነበር ያመመኝ። ልክ እንደዛሬው» አሉ። «ስንት ዘመን ንስሐ የገባሁበት ነው። ጥያት ወጣሁ እያልኩ።»

ጽጌ ጭንብሏን አውልቃ ተነስታ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ ምንድን ነው የምትዪው?» አለች። እህት እንደነበረቻት አታውቅም ነበር። አባቷም ነግረዋት አያውቁም፤ ወንድሞቿም አያውቁም።

እማማ ወደ ልጃቸው አልዞሩም። «አማቴንም ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። «ለእኔው ብለው ነው ያስገቡት።» ያኔ ነው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ የጣሉት። ሐኪሟ ምን እንዳሉ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችኝ። ልተረጉምላት ጀምሬ ተውኩትና ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ላይ ተደገፍኩ።

በማግስቱ ከዳንኤል ጋር ወደ ቤቱ ተመልሰን ሽቦውን ወደ ትክክለኛው ቀዳዳ አዞርኩት። ማሽኑ ተነሳ፣ ወለሉ ቀስ እያለ ሞቀ። የመርዝ ጋዝ ጠቋሚ ገዝተን ደረጃው ላይ ሰቀልን። እነ ጽጌ ከሆስፒታል ሲመለሱ ክራምዞርጓ የሆነውን ሰምታ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች አሉ፤ በሚቀጥለው ቀን መስኮቱን የከፈቱት ራሳቸው እማማ ናቸው። ቪዛቸው ሲያልቅ ተመልሰዋል። ደብረ ብርሃን ሰፈራቸው አራስ ባለበት ቤት እየዞሩ «ፍሙንም አውጡት» ይላሉ ብሎ ዳንኤል ነግሮኛል። የሚሰማቸው አለ፣ ፈረንጅ አገር ደርሰው መጡ ብሎ የሚስቅባቸውም አለ።

አሁን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ኢንጂነር የሚለኝ የለም፤ እኔም አልጠይቅም። ሰው «ነፍስ አዳንክ» ሲለኝ ግን ክፉኛ እደነግጣለሁ። እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። ጽጌ በዓይኗ አትንገራት ስትለኝ እሺ ብያት ነበር። በልቤ ወስኜ ጨርሻለሁ፤ ማሽኑ ነው ልላቸው ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ብዬው ቢሆን ኖሮ እማማ አመስግነውኝ፣ መርቀውኝ፣ ልጃቸውን የገደሉ መስሏቸው እየኖሩ ይሞቱ ነበር።